ዲጂታል ድምፅ በሚቀበል ራዲዮ ላይ ትክክለኛውን ሞድ መምረጥ

ፍሪኩዌንሲው ትክክል ነው፣ አንቴናው ተሰክቷል፣ የሲግናል መለኪያውም ከፍ ብሏል፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ግን ጉርምርምታ ብቻ ነው። እንደ ጃፓኑ ኤኦአር ኤአር-ዲቪ1 ከ100 ኪሎ ኸርዝ እስከ 1300 ሜጋ ኸርዝ የሚሸፍን ተቀባይ የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግሞ የሚገጥመው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራዲዮው ጤነኛ ነው። ያልገጠመው የተመረጠው ሞድ ነው።

የሞድ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይወስናል። አንደኛው ድምፁ ከሞገዱ ላይ በምን መንገድ እንደሚለቀም ነው። በኤኤም ድምፁ በሞገዱ ጉልበት መጨመርና መቀነስ ላይ ተጭኗል፣ በኤፍኤም ደግሞ በፍሪኩዌንሲው መወዛወዝ ላይ። ሁለተኛው የፊልተሩ ስፋት ነው፣ ማለትም ተቀባዩ ከመሃል ግራና ቀኝ ምን ያህል ኪሎ ኸርዝ እንደሚያስገባ። ሦስተኛው በዲጂታል ብቻ ያለ ነው፦ የመጡትን ቁጥሮች በየትኛው ሥርዓት ፈትቶ ወደ ንግግር እንደሚመልስ። ከሦስቱ አንዱ ከተሳሳተ ድምፅ አይኖርም፣ ቢኖርም የተበላሸ ነው። ስለዚህ ምንም ከመቀየርዎ በፊት ከሦስቱ የቱ እንደሳተ ይጠይቁ።

መነሻ ቅንብር

ምርመራ ሲጀምሩ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይነሱ፦

1. ስኩዌልቹን (ሲግናል ሲደክም ድምፁን የሚዘጋውን ቁልፍ) ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ቁጥሩ 0 ይሁን። ሺሺታው ያሰለቻል፤ ግን ደካማ ሲግናል የሚሰማው እሱ ሲኖር ነው።
2. ሲግናሉን የሚያጎላውን ፕሪአምፕና የሚያደክመውን አቴንዌተር ሁለቱንም ያጥፉ።
3. አውቶ የሚለውን ሞድ ይተዉትና ሞዱን በእጅ ይምረጡ። አውቶ የሚጠቅመው አየር ላይ ምን እንዳለ ካወቁ በኋላ ነው።
4. የኮድና የቶን ማጣሪያዎችን በሙሉ ያጥፉ፤ ሲቲሲኤስኤስ፣ ዲሲኤስ፣ ከለር ኮድ፣ ናክ፣ ራን ሁሉም። እነዚህ የተመረጠው ኮድ ወይም ቶን ካልመጣ ድምፁን ይዘጋሉ።
5. ለሚያዳምጡት ባንድ የሚሆን አንቴና ይሰኩ። ለቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ሩብ ሞገድ ሽቦ ይበቃል። ርዝመቱን ለማግኘት 71 ን በሜጋ ኸርዙ ያካፍሉ፣ ውጤቱ በሜትር ነው። ለአውሮፕላን ባንድ መሃል 56 ሴንቲ ሜትር፣ ለ145 ሜጋ ኸርዝ 49፣ ለ446 ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለአጭር ሞገድ ከቤት ውጭ የተዘረጋ ከ10 እስከ 20 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል።

ጆሮን ለማሠልጠን ከሁሉ የሚቀለው በከተማዎ ያለ ጠንካራ የኤፍኤም ጣቢያ ነው፤ አዲስ አበባ ከሆኑ ለምሳሌ ሸገር 102.1። መጀመሪያ በሰፊው ኤፍኤም ያዳምጡ፤ የዚህ ፊልተር 180 ኪሎ ኸርዝ ግድም ያስገባል። ከዚያ ወደ ጠባቡ ኤፍኤም ይቀይሩ። ንግግሩ ይቆራረጣል፣ ሙዚቃው ከፍ ባለ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ጣቢያው 75 ኪሎ ኸርዝ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ፊልተሩ ግን 15 ብቻ ስለሚያስገባ ነው። ቀጥሎ ወደ ኤኤም ይቀይሩ። መሃሉ ላይ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ፍሪኩዌንሲውን ወደ ጎን ሲገፉት ግን የተጣመመ ንግግር ብቅ ይላል። ይህን አንዴ የሰማ ሰው ሌላ ጊዜ «ፊልተሩ ጠበበኝ» እና «ሞዱ ሌላ ነው» የሚሉትን ሁለት ችግሮች በጆሮው ይለያል።

ኤኤም እና የአውሮፕላን ባንድ

ኤኤም በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ሥርጭት፣ እንዲሁም ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው የአውሮፕላን ባንድ ይሠራል። አቪዬሽን ኤኤምን ያልለቀቀበት ጥሩ ምክንያት አለ። በኤፍኤም ሁለት ሰዎች አንድ ጊዜ ከተናገሩ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል፣ ሁለተኛ ተናጋሪ መኖሩም አይታወቅም። በኤኤም ግን ሁለቱ ሞገዶች ተጋጭተው ፉጨት ይፈጥራሉ፤ ተቆጣጣሪው ሰምቶ «ይድገሙ» ይላል።

በዚህ ባንድ ሰዎች የሚሳሳቱት ስቴፑ ላይ፣ ማለትም ዲያሉ በአንድ ጊዜ በሚዘለው ርቀት ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ቻናሎቹ በ8.33 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ተደርድረዋል፤ የቀድሞው አደራደር 25 ኪሎ ኸርዝ ነው። ስቴፑ በ25 ላይ ከተተወ በ8.33 የተቀመጡትን ቻናሎች ዘለው ያልፏቸዋል። ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር አብራሪው ጥርት ብሎ ሲሰማ ማማው ጭራሽ አለመሰማቱ ነው። ይህ የሞድ ስህተት አይደለም። 10,000 ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን ከ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ሊሰማ ይችላል፤ የማማው አንቴና ግን መሬት ላይ ስለሆነ ከመካከል ያለ አንድ ኮረብታ ይጋርደዋል።

በአጭር ሞገድ ላይ 6 ኪሎ ኸርዝ ፊልተር ጥሩ መነሻ ነው። ጣቢያዎቹ በ5 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ስለሚቀመጡ ጎረቤቱ ጠንካራ ከሆነ ፉጨትና የተቆራረጠ ንግግር ይገባል፤ ያኔ ወደ 4 ወይም 3 ያጥብቡት። ድምፁ ይደፈናል፤ ቃሉ ግን ይሰማል። ማታ ላይ ድምፁ እየሞተ እየተነሣ በመሃል የሚንተከተከው፣ ተሸካሚው ሞገድ (ድምፁ የተጫነበት መሠረት) ድምፁን ከያዙት የግራና የቀኝ ጎን ሞገዶች ተለይቶ ስለሚዳከም ነው። ተቀባዩ ሲንክሮነስ ኤኤም ካለው ይሞክሩት፤ የደከመውን ተሸካሚ ራሱ በሠራው ይተካል። ከሌለው አንዱን ጎን ብቻ ወደሚወስዱት ዩኤስቢ (የላይኛው ጎን) ወይም ኤልኤስቢ (የታችኛው ጎን) ይቀይሩና ፉጨቱ እስኪጠፋ ድረስ በ10 ኸርዝ ስቴፕ ያስተካክሉ። ከሁለቱ ጎረቤት ጣቢያ የሌለበትን ጎን ይምረጡ። ከውጭ የሚመጡ የአማርኛ ሥርጭቶች ጃሚንግ (ሆን ተብሎ የሚላክ ማወኪያ) ሲገጥማቸውም ይህ ዘዴ አንዳንዴ ያድናል፤ የሚያውከው ሞገድ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሌላው ጎን ሊጸዳ ይችላል።

ዩኤስቢ፣ ኤልኤስቢ፣ ሲደብሊው

እዚህ ተሸካሚው ሞገድም አንዱ ጎንም ተቆርጠው ተጥለዋል፤ የቀረው 2.4 እስከ 2.7 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ያለው አንድ ጎን ብቻ ነው። በኤኤም ወይም በኤፍኤም ቢያዳምጡት ሰው አፉን ይዞ የሚያጉተመትም ይመስላል። አማተሮች (በትርፍ ጊዜያቸው በራዲዮ የሚነጋገሩ ባለ ፈቃዶች) ከ10 ሜጋ ኸርዝ በታች ኤልኤስቢ፣ ከዚያ በላይ ዩኤስቢ ይጠቀማሉ። በ5 ሜጋ ኸርዝ ያለው ባንዳቸው ብቻ ዩኤስቢ በመሆኑ ከልማዱ ይለያል። የአቪዬሽንና የባሕር ድምፅ ግንኙነት በአጭር ሞገድ ሁልጊዜ ዩኤስቢ ነው። ለልምምድ 11300 ኪሎ ኸርዝ በዩኤስቢ ጥሩ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ የሚያልፉ አውሮፕላኖች ከመሬት ጣቢያዎች ጋር የሚነጋገሩበት ነው። በ14 ሜጋ ኸርዙ የአማተር ባንድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያሠራጨው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አየር ላይ ሲሆን በየአገሩ ያሉ አማተሮች ተሰልፈው ሲጠሩት ሊሰሙ ይችላሉ።

ለማስተካከል ስቴፑን ወደ 10 ኸርዝ ያውርዱ። በዩኤስቢ ድምፁ ከሰው ድምፅ ቀጥኖ ከጮኸ ዲያሉ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ከፍ ያድርጉት፤ ከልክ በላይ ከወፈረ ዝቅ ያድርጉት። በኤልኤስቢ ተገላቢጦሽ ነው። ከ100 ኸርዝ በላይ ከሳቱ ሰውየው በራሱ ድምፅ አይናገርም። በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩ ቃል የማይወጣ ከሆነ ጎኑን ተሳስተዋል፤ ሌላውን ይምረጡ። ሲደብሊው ለሞርስ ብቻ ነው፣ 500 ኸርዝ ፊልተር ይበቃዋል።

ጠባብ ኤፍኤም

ዎኪቶኪዎች፣ የአማተር ሪፒተሮች (ሲግናል ተቀብለው አጉልተው መልሰው የሚልኩ ጣቢያዎች)፣ ታክሲና የጥበቃ ድርጅቶች፣ የባሕር ቪኤችኤፍ እዚህ ናቸው። የቻናሉ ስፋት 25 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ ውዝዋዜው 5 ኪሎ ኸርዝ ስለሆነ ሲግናሉ 16 ያህል ይይዛል፤ 12.5 ከሆነ ውዝዋዜው 2.5 ነውና 11 ይበቃዋል። 15 ኪሎ ኸርዝ ፊልተር ለሁለቱም ያገለግላል። ወደ 6 ካጠበቡት ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ድምፅ ይሰነጠቃል።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ145.800 ሜጋ ኸርዝ ሲያሠራጭ ይህን በግልጽ ያዩታል። ጣቢያው ወደ እርስዎ ሲመጣ ሲግናሉ 3.5 ኪሎ ኸርዝ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሲርቅ ደግሞ በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይደርሳል። በ15 ፊልተር ምንም ሳይነኩ ሊያዳምጡት ይችላሉ፤ በጠባቡ ግን መሃል ላይ ብቻ ይሰማና ይጠፋል።

ዲጂታሉ

ዲጂታል ሲግናልን መጀመሪያ በጠባብ ኤፍኤም፣ ስኩዌልቹ ክፍት ሆኖ ያዳምጡ። ይህን ደረጃ መዝለል ብዙ ሰዓት ያስከፍላል። ከዲጂታል ሥርዓቶቹ አንዱ የሆነው ዲኤምአር ያለ ሪፒተር ከእጅ ራዲዮ ወደ እጅ ራዲዮ ሲላክ እንደ ሞተር ብስክሌት ድርድር ይላል፤ ራዲዮው 30 ሚሊ ሰከንድ ልኮ 30 ሚሊ ሰከንድ ስለሚያርፍ ነው። በሪፒተር በኩል ሲመጣ ግን ሳያቋርጥ ሻካራ ሆኖ ያጓራል። ፒ25 ደረጃ 1 የማይቆራረጥ ሻካራ ጉርምርምታ አለው። ዲ-ስታር ከባዶ አየር ሺሺታ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል፤ መለኪያው ከፍ ብሎ ሺሺታው ግን ካልጠፋ ይጠርጥሩት።

ቀጥሎ የሚረዳው ስፋቱና ቦታው ነው።

ዲኤምአር 12.5 ኪሎ ኸርዝ ይይዛል፤ በዚያው ቻናል ሁለት የጊዜ ስሎት (ተራ) ስላለው ሁለት ንግግር አብሮ ይሄዳል። መለያው ከ0 እስከ 15 ያለው ከለር ኮድ ነው። አማተሮችም ድርጅቶችም ስለሚጠቀሙበት በየትኛውም አገር መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው።

ፒ25 የሰሜን አሜሪካ ፖሊስና እሳት አደጋ መደበኛ ነው። ደረጃ 1 ሙሉ ቻናሉን ለአንድ ንግግር ይሰጣል፣ ደረጃ 2 ለሁለት ይከፍለዋል። ደረጃ 1ን ብቻ የሚፈታ ተቀባይ ደረጃ 2ን በምንም ቅንብር አይፈታም፤ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያረጋግጡ።

ኤንኤክስዲኤን የአይኮምና የኬንዉድ ነው፣ በ6.25 ወይም በ12.5 ኪሎ ኸርዝ ይመጣል። ዲፒኤምአር በ6.25 ይሠራል፤ አውሮፓ ውስጥ በ446 ሜጋ ኸርዝ ያለ ፈቃድ በሚሠሩ የእጅ ራዲዮዎች ላይ ይገኛል። ዲ-ስታርና የያሱ ሲ4ኤፍኤም የአማተሮች ናቸው።

ቴትራ የተለየ ቤተሰብ ነው፦ 25 ኪሎ ኸርዝ፣ አራት ስሎት። በአውሮፓ ከ380 እስከ 400 ሜጋ ኸርዝ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው፣ ዱባይን ጨምሮ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ተስፋፍቷል። የፀጥታ ተቋማት ቴትራ ብዙውን ጊዜ የተመሰጠረ ስለሆነ ድምፅ ይሰጠኛል ብለው ተቀባይ አይግዙ።

አሁን ሞዱን ይምረጡና 10 ሰከንድ ይጠብቁ። ማሳያው ላይ ከለር ኮድ፣ ናክ (የፒ25 መለያ) ወይም የጥሪ ምልክት ከወጣ ሥርዓቱን አግኝተዋል። ምልክቱ ወጥቶ ድምፅ ካልመጣ ችግሩ ሌላ ነው። ሞዱን መቀያየር ያቁሙና የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ምልክት አለ፣ ድምፅ የለም

መጀመሪያ ምስጠራን ያስቡ። ማሳያው «ኢንክሪፕትድ» ካለ ወይም ድምፁ ጭራሽ ትርጉም የሌለው ጩኸት ከሆነ የተቆለፈ ነው፤ እዚያው ይተዉት።

ሁለተኛው ስሎት ነው። ዲኤምአር ላይ ራዲዮው ስሎት 1 ላይ ተቆልፎ ንግግሩ ስሎት 2 ላይ ከሆነ መለኪያው እየዘለለ ዝምታ ይሆናል። ስሎቱን «ሁለቱም» ላይ ያድርጉና ንግግሩ የት እንዳለ ካወቁ በኋላ ይቆልፉ፤ ሁለቱን ክፍት ከተዉ ሁለት ንግግሮች እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ቃል ይቆርጠዋል።

ሦስተኛው የኮንትሮል ቻናል ነው። ትራንክ በሚባለው አሠራር አንድ ፍሪኩዌንሲ ቀንና ሌሊት ዳታ ብቻ ይልካል፤ ለእያንዳንዱ ራዲዮ «ወደዚህ ቻናል ሂድ» የሚል ትእዛዝ ነው። ከማይቋረጥ ሲግናል ድምፅ ሲጠብቁ ማደር ይቻላል። ንግግሩን በዙሪያው ባሉት፣ አልፎ አልፎ በሚከፈቱት ፍሪኩዌንሲዎች ይፈልጉ።

ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሮቦት ይመስላል

የአናሎግ ኤፍኤም ሲደክም ሺሺታው ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ዲጂታል እንዲህ አያስጠነቅቅም። ስህተት የገባባቸው ቢቶች 5 በመቶ አካባቢ እስኪደርሱ ድረስ ራሱ እያረመ ጥሩ ይናገራል፣ ከዚያ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ይፈርሳል። ስለዚህ ትንሽ የአንቴና ማሻሻል ከዝምታ ወደ ጥርት ያለ ንግግር ሊያሻግር ይችላል። ሞገዱ ከሕንፃ ተንጸባርቆ ራሱን የሚያጠፋበት ነጥብ ላይ ከሆኑ በ450 ሜጋ ኸርዝ አንቴናውን 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ይህን ከምንም በፊት ይሞክሩት፤ ገንዘብ አያስወጣም።

ቀጥሎ የፍሪኩዌንሲ ስህተት ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውም እሱ ነው። ዲኤምአር ንግግሩን በአራት ደረጃዎች ይልካል፤ ከመሃል በ648 እና በ1944 ኸርዝ፣ ከላይም ከታችም። ሁለቱን ደረጃዎች የሚለየው ድንበር 1296 ላይ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ በ648 ኸርዝ ከሳተና ራሱን የማያርም ከሆነ አንዱን ደረጃ ከሌላው መለየት ያቅተዋል። በ450 ሜጋ ኸርዝ 2.5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2.5) ስህተት ያለው ርካሽ ተቀባይ እስከ 1125 ኸርዝ ሊስት ይችላል። 0.5 ፒፒኤም ያለው የሚስተው ቢበዛ 225 ነው። መፍትሔው ተቀባዩን ለ20 ደቂቃ ያህል አሙቆ ፍሪኩዌንሲውን በ100 ኸርዝ ስቴፕ ወደ ሁለቱም ጎን መሞከር ነው። ድምፁ ጥርት ያለበትን ልዩነት ይጻፉ። ለሌሎች ቻናሎችም በዚያው ልክ ይሠራል፤ በ150 ሜጋ ኸርዝ ሲሶው ይሆናል።

ፊልተሩንም ይመልከቱ። ብዙ ተቀባዮች ዲጂታል ሞድ ሲመረጥ ስፋቱን ራሳቸው ይወስናሉ። በእጅ የሚመረጥ ከሆነ ለ12.5ቱ ሥርዓቶች ከ12 እስከ 15፣ ለ6.25ቶቹ 6 ይስጡ። ዲኤምአርን በ6 ፊልተር ማዳመጥ ዳር ያሉትን ሁለት ደረጃዎች መቁረጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቃላት ብቻ ከጠፉ ስኩዌልቹ ከፍ ብሏል። ዲጂታል ተቀባይ ከመናገሩ በፊት የመግቢያውን ምልክት ሊያገኝ ይገባል፤ ስኩዌልቹ ዘግይቶ ከተከፈተ ያ ምልክት ያመልጠዋል።

አንድ ነገር ግን የአቀባበል ስህተት አይደለም። ከተናጋሪው ጀርባ ሙዚቃ፣ ንፋስ ወይም የመኪና ጡሩንባ ካለ ድምፁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። የዲኤምአር ድምፅ መጭመቂያ ለንግግር በሰከንድ 2450 ቢት ብቻ ይሰጣል፣ 1150ው ለስህተት ማረሚያ ነው። የተሠራው ለሰው ድምፅ ስለሆነ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ወደ ንግግር ለመቀየር ይታገላል። በእርስዎ በኩል የሚስተካከል ነገር የለም።

የሌለ ሲግናል የሚሰማ ሲመስል

ከኤፍኤም ማሠራጫ አጠገብ የሚኖር ሰው በአውሮፕላን ባንድ ላይ ሙዚቃ ይሰማል። ሙዚቃው በእርግጥ እዚያ መኖሩን ለማወቅ 10 ዲቢ (ዴሲቤል) አቴንዌተር ያስገቡ። እውነተኛ ሲግናል ከሆነ 10 ዲቢ ይወርዳል፣ በመለኪያው ሁለት የኤስ ደረጃ ያህል። ሁለት ጠንካራ ጣቢያዎች ተቀባዩ ውስጥ ተደባልቀው የፈጠሩት ከሆነ ግን እስከ 30 ዲቢ ወርዶ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ፕሪአምፑን ለዘለቄታው አጥፍተው ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ የሚዘጋ ፊልተር ከአንቴናው በኋላ ያስገቡ። ይኸው መደባለቅ ዲጂታሉንም ሳያሳውቅ ያበላሻል፤ መለኪያው ሙሉ ሆኖ ድምፁ ከተቆራረጠ መጀመሪያ አቴንዌተሩን ይሞክሩ። የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀርም ሲጠፉ ልዩነት ካመጡ ከአንቴናው ያርቋቸው።

አውቶና ስካን

አውቶ ሞድ የሚሠራው የእያንዳንዱን ሥርዓት መግቢያ ምልክት በየተራ በመፈለግ ነው። ስለዚህ የንግግሩን መጀመሪያ ይበላል፣ ደካማ ሲግናል ላይም ወደ አናሎግ ተመልሶ ጉርምርምታ ያሰማል። ስካን ሲያደርጉ የሚያውቋቸውን ቻናሎች ከነሞዳቸው በሜሞሪ ያስቀምጡ፤ አውቶን ለማይታወቁት ብቻ ይተዉ። የማቆያ ጊዜውን 2 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉ፣ አለዚያ ጥያቄውን ሰምተው መልሱን ያጣሉ።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። በኢትዮጵያ ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ተቀባይ ከውጭ ከማስገባትዎ በፊት እሱን ይጠይቁ። በብሪታንያ ለእርስዎ ያልተላከ መልእክት ማዳመጥ በሕግ ተከልክሏል፤ በአሜሪካ ለሕዝብ የሚሸጡ ተቀባዮች በ800 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያለው የሞባይል ስልክ ክፍል ተዘግቶባቸው ይመጣሉ።

ለእያንዳንዱ የተሳካ ቻናል በደብተር ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ፍሪኩዌንሲ፣ ሞድ፣ የፊልተር ስፋት፣ ስሎት፣ ከለር ኮድ ወይም ናክ፣ በጠባብ ኤፍኤም ሲሰማ ምን እንደሚመስል፣ እና ያረሙት የፍሪኩዌንሲ ልዩነት። የተቀባዩ ሜሞሪ ሲጠፋ ወይም ፈርምዌሩ ሲታደስ ሁሉን ከዚያ መልሰው ይሞሉታል።